ስንት መብራት ይበቃል? ለተንቀሳቃሽ ዲጄ ሶስት ሴትአፖች ጎን ለጎን

ስፒከርና ሚክሰሩን ገዝቶ የጨረሰ ዲጄ ቀጥሎ እንቅልፍ የሚያሳጣው መብራት ነው። ቪዲዮ ላይ የሚያየው ሁሉ ስምንት ሙቪንግ ሄድ (ጭንቅላቱን እያዞረ የሚያበራው መብራት) ተደርድሮ፣ ጭሱ ተለቆ፣ ሌዘሩ ጣራውን ሲቆራርጠው ስለሆነ "እኔም እንደዚህ ካልሆንኩ ማን ይጠራኛል" ይላል። እኔም ብያለሁ። አሁን ግን አብዛኛውን ዝግጅት የምሰራው በሁለተኛ አመቴ ይዤ ከምዞረው ባነሰ መብራት ነው፣ ሰው የሚጨፍረው ደግሞ ያኔ ከሚጨፍረው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እና ሶስቱን አማራጮች ላነጻጽርላችሁ፣ ወደየትኛው እንደማደላም አልደብቅም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። መብራት ሲባል ሁለት አይነት ስራ አለው። አንዱ ቦታውን በቀለም መሙላት ነው፣ ዋሽ የሚሉት፣ ፓር (ባለበት ቆሞ ቀለም የሚረጨው መብራት) እና አፕላይት (መሬት ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ወደ ላይ የሚያበራው) የሚሰሩት እሱን ነው። ሌላው ደግሞ የሚንቀሳቀሰው፣ የሚበተነው፣ የሚያብረቀርቀው ነው፣ ኢፌክት በሉት። ጀማሪ ብሩን የሚጨርሰው ኢፌክቱ ላይ ነው፣ ከዛ መጨፈሪያው ድቅድቅ ጨለማ ሆኖ አንዳንድ ነጠብጣብ ብቻ ሲሯሯጥበት "ምን ጎደለ" ብሎ ሌላ ኢፌክት ይገዛል። የጎደለው ዋሽ ነው።

ትንሹ ሴትአፕ

አንድ ቲ ቅርጽ ያለው ስታንድ፣ ላዩ ላይ 4 ኤልኢዲ ፓር፣ በቃ። አራቱ ባንድ ዘንግ ላይ ተገጥመው ከነቦርሳቸው የሚሸጡም አሉ። ባንድ እጅ ይያዛል፣ 15 ደቂቃ አይፈጅም፣ መብራት የሚበላውም ትንሽ ነው፣ አራቱም ተደምረው ብዙ ጊዜ ከድሮው አንድ ሃሎጅን ፓር ያንሳሉ፣ ያ ትልቁ ፓር 64 ብቻውን 1000 ዋት ነበር። 50 ወይም 60 ሰው ለሚሆን ዝግጅት፣ ለልደት፣ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ለሚደረግ ነገር ይሄ ከበቂ በላይ ነው።

ድክመቱ ብርሃኑ ካንድ አቅጣጫ ብቻ መምጣቱ ነው። ስታንዱን ከኋላችሁ ስታቆሙት ፊት ለፊት የሚጨፍረው ሰው አይኑ ላይ ይበራበታል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። አራቱን ሁለት ስታንድ ላይ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ከመጨፈሪያው ግራና ቀኝ ብታቆሙት ያው አራት ፓር ሌላ ሴትአፕ ይመስላል። ተጨማሪ አንድ ስታንድ መግዛት ተጨማሪ ሁለት ፓር ከመግዛት ይሻላል፣ ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ።

ፓር ስትመርጡ ደግሞ ዋቱን ብቻ አትዩ፣ የሚከፍትበትን ዲግሪም እዩ። 25 ዲግሪ የሚከፍት ፓር 3 ሜትር ርቀት ላይ የሚሰራው ክብ ስፋቱ 1.3 ሜትር ገደማ ነው፣ 40 ዲግሪው ደግሞ ወደ 2.2 ሜትር ይጠጋል። ጠባቡ ሱቅ ውስጥ ሲበራ ደመቅ ያለ ስለሚመስል ሰው እሱን ያነሳል፣ መጨፈሪያ ላይ ሲወጣ ግን እዚህም እዚያም የጠብታ ምልክት የመሰለ ነገር ይሆናል። ለመጨፈሪያ ሰፊውን፣ ረጅም ግድግዳ ከስር ወደ ላይ ለማብራት ጠባቡን።

መካከለኛው

እኔ የማዳላው ለዚህ ነው፣ ተናግሬያለሁ። ያ አራት ፓር በሁለት ስታንድ፣ ከ6 እስከ 8 ባትሪ ያላቸው አፕላይቶች፣ እና 2 ስፖት ሙቪንግ ሄድ። አንድ ሰው ከአንድ ረዳት ጋር ሆኖ በአንድ ሰአት ውስጥ ይጨርሰዋል፣ የቤት መኪና ውስጥም ይገባል። ከ80 እስከ 200 ሰው ያለበት ሰርግም ሆነ የመስሪያ ቤት ፓርቲ አያሳፍርም።

አፕላይት ላይ ሰው የሚሳሳተው ብዛቱን ነው። ሙሉ አዳራሽ ልክበብ ካላችሁ በየ2.5 ወይም 3 ሜትሩ አንድ ያስፈልጋል፣ ማለትም 15 በ10 ሜትር የሆነ አዳራሽ ዙሪያው 50 ሜትር ስለሆነ ከ17 እስከ 20 ፍሬ ትፈልጋላችሁ። ግን ማን ክበብ አላችሁ? ሰው የሚያየውና ካሜራ የሚቀርጸው ከዲጄው ኋላ ያለውንና ሙሽሮቹ የተቀመጡበትን ግድግዳ ነው፣ እዛ 6 ወይም 8 ካስቀመጣችሁ አዳራሹ ሁሉ የተሰራ ይመስላል። ባትሪውን በተመለከተ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ሰአት እንዳለ አትቀበሉ፣ ሁሉም ቀለም ባንዴ በሙሉ ኃይል ሲበራ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ገዝታችሁ ስትመጡ ቤት ውስጥ ነጭ ላይ አብርታችሁ ሰአት ያዙ፣ ከዝግጅቱ ርዝመት ካነሰ ደብዘዝ አድርጋችሁ ተጠቀሙ፣ ግድግዳ ላይ ደብዘዝ ያለ ይበልጥ ያምራል።

አሁን ብዙ የሚያከራክረው ጋ መጣን፣ ስፖት ወይስ ቢም። ቢም ማለት ያ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ነው፣ ጠባብ ነው፣ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የሚከፍተው። ስፖት ደግሞ ሰፋ ያለ ሆኖ ጎቦ የሚባል ቅርጽ የተቀረጸበት ሳህን አለው፣ መሬትና ግድግዳ ላይ ቅርጽ ይስላል። ሱቅ ውስጥ ቢሙ ነው የሚያፈዘው። ችግሩ ቢሙ አየር ላይ የሚታየው ጭስ ሲኖር ነው፣ ጭስ ከሌለ ጣራ ላይ የምትሄድ አንዲት ነጥብ ናት፣ ሌላ ምንም። ጭስ ደግሞ ሁሉም አዳራሽ አይፈቅድም፣ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጭስ የሚለይ ከሆነ ይጮሃል። እኔ አንዴ ሳልጠይቅ ለቅቄ ሰው ሁሉ ሙዚቃው መሀል በረንዳ ላይ ወጥቶ ቆሞ ነበር፣ ሲመለስ ግማሹ ኮቱን ይዞ ነው የተመለሰው፣ መጨፈሩ እዛው አለቀ። ስለዚህ በየሳምንቱ የተለያየ አዳራሽ የምትሰሩ ከሆነ 2 ስፖት ከ4 ቢም ይበልጣል። ቋሚ ክለብ ወይም ጭስ የሚፈቅድ ቦታ ካላችሁ ብቻ ቢም። ጭሱንም ስትገዙ ያ ቡፍ እያለ ደመና የሚተፋው ሳይሆን ስስ አድርጎ የሚበትነው ሄዘር ይሻላል፣ ሰው አያሳስልም፣ ፎቶም አያበላሽም።

ትልቁ

4 ትራስ ቶተም (መብራት የሚሰቀልበት ምሰሶ)፣ 8 ሙቪንግ ሄድ፣ ሄዘር፣ ስትሮብ (በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚለው)፣ ምናልባት ሌዘር፣ የሚቆጣጠር ላፕቶፕ ወይም ኮንሶል። ከ300 ሰው በላይ ለሆነ፣ ጣራው ከፍ ላለ፣ ሰው መብራቱን እንደ ትርኢት ሊያይ ለሚመጣበት ዝግጅት ልክ ነው፣ አልቃወምም። ግን ይሄ ብቻችሁን የምትሰሩት ስራ አይደለም። ዘፈን እየመረጣችሁ ሙቪንግ ሄድ አትቆጣጠሩም፣ አንዱ ይበላሻል፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዘፈኑ ነው። መኪናው ሌላ፣ ረዳቱ ሌላ፣ የመትከያው 3 ሰአት ሌላ፣ ደንበኛው ደግሞ ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው አንዳንዴ ከመካከለኛው ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

ኤሌክትሪኩም እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ቮልት በአምፒር ሲባዛ ዋት ነው፣ 220 ቮልት ላይ 10 አምፒር የሚሸከም መስመር 2200 ዋት ይችላል፣ ሰአታት ለሚቆይ ነገር ደግሞ ከ80 ፐርሰንቱ አለማለፍ ነው፣ ማለትም 1760። 230 ዋት አምፖል ያላቸው 8 ቢሞች አምፖላቸው ብቻ 1840 ዋት ነው፣ ሞተራቸውና ማራገቢያቸው ሳይጨመር፣ ጭስ ማሽኑ ሲሞቅ የሚስበው ሳይጨመር፣ እናንተ ደግሞ ስፒከሩንም እዛው ዲቫይደር ላይ ሰክታችኋል። 110 ቮልት ያለበት አገር ከሆናችሁ ሂሳቡ ይብስባችኋል። ብሬከሩ ሲወርድ ያ አይነቱ አምፖል ወዲያው አይነሳም፣ እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፣ ኤልኢዲ ግን መብራቱ ሲመለስ እሱም ይመለሳል። ለእኔ ይሄ ብቻውን ኤልኢዲ ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። ድምጽና መብራት ለየብቻ መስመር፣ ከፍ ብሎ ለተሰቀለ ነገር ሁሉ ሴፍቲ ኬብል (ቢላቀቅ እንዳይወድቅ የሚይዘው ገመድ)፣ ይሄ ድርድር የለውም።

ብዛቱ ሳይሆን አሰራሩ

ሶስቱንም ሴትአፕ ሊገድል የሚችል አንድ ነገር አለ፣ ሳውንድ አክቲቭ። መብራቱ ውስጥ ያለችው ማይክ ድምጽ ስትሰማ በራሷ ትዘላለች፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ በየራሱ ቀለም። ስምንት መብራት እንደዛ ሲዘል ድግስ ሳይሆን የተበላሸ የትራፊክ መብራት ነው የሚመስለው። የሙሽራዋ አባት ማይክ ይዘው በእርጋታ ሲናገሩ መብራቱ ንግግራቸውን ተከትሎ ሲጨፍር አይቻለሁ፣ ሰው ሳቁን ይዞ ነው የጨረሰው።

መፍትሄው ዲኤምኤክስ ነው፣ መብራቶቹን በኬብል አገናኝቶ ካንድ ቦታ ማዘዣ ማለት ነው፣ አያስፈራም። አንድ መስመር 512 ቻናል አለው፣ እያንዳንዱ ቻናል አንድ ነገር ያዛል፣ ለምሳሌ የቀዩን ድምቀት፣ አንድ ፓር 7 ቻናል ቢበላ የመጀመሪያውን 1፣ ቀጣዩን 8፣ ከዛ 15፣ ከዛ 22 አድሬስ (የሚጀምርበት ቻናል ቁጥር) ትሰጡታላችሁ። ሰነፍ ከሆናችሁ (እኔ ነኝ) አራቱንም 1 ላይ አድርጓቸው፣ ሁሉም አንድ አይነት ያደርጋሉ፣ አንድ አይነት ማድረጋቸው ራሱ ከመዝለል መቶ ጊዜ ይሻላል። የማይክ ኬብል ለአጭር ርቀት ይሰራል፣ ሲረዝም ግን መብራቱ ያለ ምክንያት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ትክክለኛው የዲኤምኤክስ ኬብል ይሻላል፣ መጨረሻው ላይም 120 ኦም ተርሚኔተር (ምልክቱ ተመልሶ እንዳይረብሽ የሚያደርግ ትንሽ መሰኪያ) ስኩበት። አራት ነገር ብቻ አዘጋጁ፣ ለንግግር የማይንቀሳቀስ ሞቅ ያለ ነጭ፣ ለምግብ ሰአት ደብዘዝ ያለ፣ ለዝግታ ዘፈን አንድ ቀለም፣ ለጭፈራ የሚንቀሳቀሰው። በዚህ የተሰራ 4 ፓር፣ በሳውንድ አክቲቭ የተለቀቀ 8 ሙቪንግ ሄድን ሲበልጥ በአይኔ አይቻለሁ።

ፎቶ አንሺውንም አትርሱት፣ ደንበኛው አመት ቆይቶ የሚያየው ፎቶውን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ያለው ርካሽ ፓር የሰው ፊት ላይ ጥሩ ቀለም አይሰጥም፣ አምበርና ነጭ የተጨመረበት ውሰዱ። አረንጓዴ ፊት ላይ በፍጹም። ርካሽ ኤልኢዲዎች ደብዘዝ ሲደረጉ ቪዲዮ ላይ መስመር መስመር ያወጣሉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅረጹት። ሌዘር የካሜራ ሴንሰር ያቃጥላል፣ አይንም ይጎዳል፣ ተመልካች ላይ የሚወርድ ሌዘር ትምህርቱን ለወሰደ ሰው ተዉት።

ስትሮብ በጣም ትንሽ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ወደ 3 ፐርሰንት የሚሆኑት በብልጭታ ይነሳባቸዋል፣ በሰከንድ ከ4 ብልጭታ አለማለፍ የሚመከረው ለዚህ ነው፣ ባለቤቶቹንም ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ቀን፣ ውጪ፣ ጸሀይ ላይ ከሆነ ዝግጅቱ መብራቱን ቤት ተዉት። ቀጥታ ጸሀይ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፣ ከሱ ጋር የሚወዳደር ፓር የለም። ማታ ውጪ ከሆነ ደግሞ አይፒ 65 (አቧራና ዝናብ የሚችል ማለት ነው) የሚል የተጻፈበትን።

ስለዚህ ዛሬ ከዜሮ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ 4 ሰፊ ፓር ከነአምበሩ፣ ሁለት ስታንድ፣ ትንሽ የዲኤምኤክስ ኮንትሮለር። ስራው ሲመጣ አፕላይት፣ ከዛ ስፖት። ትልቁ ሲጠየቅ ተከራይቶ ሂሳቡን ደንበኛው ላይ መጨመር ነው፣ አመቱን ሙሉ አራት ጊዜ ለሚወጣ ነገር መጋዘን አያስፈልግም። ያገለገለ ቢም የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሜኑውን ከፍታችሁ አምፖሉ ስንት ሰአት እንደሰራ እዩ፣ የዚህ አይነት አምፖል እድሜው ብዙ ጊዜ 2000 ሰአት አካባቢ ነው፣ ሻጩ "ብዙም አልሰራም" ካለና ሜኑው 1900 ካሳየ የአምፖሉን ዋጋ ከሂሳቡ አስቀንሱ፣ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነም አምፖሉ አዲስ ነው ወይስ ቆጣሪው ነው የተመለሰው ብላችሁ ጠይቁ።