ካምሪ፣ ሲኤክስ-5 እና ጂአር86፦ ለየትኛው የትኛው ቤንዚን?

አሜሪካ ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ዋጋውና ስለ ዋስትናው ሻጩን ሲያደርቅ ይውላል፤ ስለሚጠጣው ቤንዚን ግን ብዙም አይጠይቅም። ማደያ ላይ የሚታዩት 87 (ሬጉላር) እና 93 (ፕሪሚየም) የኦክቴን ቁጥሮች የጥራት ደረጃዎች አይደሉም። ቤንዚኑ ሲታመቅ ያለጊዜው በራሱ እንዳይቀጣጠል ያለውን ጽናት ብቻ ነው የሚናገሩት። ጽናቱ ካነሰ፣ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት የሲሊንደሩ ጥግ ላይ የቀረው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ጠጠር የሚንኮሻኮሸው ድምፅ ይኸው ነው፤ ማንኳኳት ይባላል። ከቀጠለ ፒስተን ይሰብራል።

"እመቃው ከፍ ያለ ሞተር ፕሪሚየም ካልጠጣ አይሆንም" የሚለው ምክር ግን ገዢን ያሳስታል። ከ2018 እስከ 2024 የተሠራው ባለ 2.5 ሊትር ቶዮታ ካምሪ 13 ለ 1 ያምቃል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የገባውን ወደ አንድ አሥራ ሦስተኛው ያሳንሰዋል፤ ሃይብሪዱማ 14 ለ 1 ነው። ሁለቱም 87 ይበቃቸዋል። በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ቤንዚን ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የሃይብሪዱ አየር ማስገቢያ ቫልቭ ደግሞ ዘግይቶ ስለሚዘጋ፣ በተግባር የሚታመቀው አየር ቁጥሩ ከሚለው ያነሰ ነው። ካምሪ ውስጥ 93 መሙላት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ባለ ቱርቦው ማዝዳ ሲኤክስ-5 እመቃው 10.5 ለ 1 ስለሆነ የዋህ ይመስላል፤ ቱርቦው ግን አየሩን አስቀድሞ ጨቁኖ ነው የሚያስገባው። የ2022 ሞዴል በ93 ኦክቴን 256 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ በ87 ወደ 227 ይወርዳል። ሞተሩ አይጎዳም፤ ሴንሰሩ ማንኳኳት ሲሰማ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል። ለከተማ ምልልስ 87 ይበቃል ባይ ነኝ፤ ቤተሰብ ጭኖ ተራራ ለሚወጣ ግን 93 ዋጋውን ያወጣል።

ቶዮታ ጂአር86 ቱርቦ የለውም፣ እመቃውም 12.5 ለ 1 ነው፤ ከካምሪው ያነሰ መሆኑን ልብ ይሏል። ሆኖም የተሠራው ለጉልበት እንጂ ለቁጠባ ስላልሆነ ፕሪሚየም ግዴታው ነው። ለነዳጅ የሚሰስት አይግዛው።

ኮሎራዶ የምትኖሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። በዴንቨርና በአውሮራ ማደያዎች ሬጉላር ተብሎ የሚሸጠው 85 ነው። ከፍታ ላይ ያለው ስስ አየር ማንኳኳትን ስለሚቀንስ ለካርቡሬተር ዘመን መኪኖች ይስማማቸው ነበር። ከላይ የጠቀስናቸው የሦስቱ መኪኖች መመሪያ ግን ከ87 በታች አይፈቅድም፤ ቱርቦም የሳሳውን አየር መልሶ ስለሚያምቅ የከፍታው ጥቅም ይቀርበታል። እዚያ ከላይ ያለው ደረጃም ብዙውን ጊዜ 91 እንጂ 93 አይደለም፤ ሲኤክስ-5ን ለ256ቱ የፈረስ ጉልበት ብሎ የሚገዛ የዴንቨር ነዋሪ ይህንንም ያስላ።