መጀመሪያ ቦኮላው፣ ከዚያ አላይመንቱ፦ ስለ አንድ ጋራዥ የእግር ሥራ

መኪናዬን የሠራው ጋራዥ በአላይመንት (የጎማዎችን ማዕዘን መለኪያና ማስተካከያ) መሣሪያው አይደለም የሚመሰገነው። እንዲህ ያለ ባለ ካሜራ መሣሪያ ዛሬ ብዙ ቦታ ይገኛል። የሚመሰገነው ቅደም ተከተል ስለሚያከብር ነው። እግሩ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ክፍል፣ ሳይፈተሽ ማዕዘን አይለኩም፤ የላላው ሳይቀየር ማዕዘን አያስተካክሉም። የጎማ ዕድሜ የሚወሰነው በዚህ ሆኖ ሳለ ከዚህ በፊት ያየኋቸው ቦታዎች ይህን ሲያደርጉ አላጋጠመኝም።

መኪናዋ ከሁለት ቶን በላይ የምትመዝን፣ በአራቱም እግሮቿ የአየር ሞላ ያላት፣ ኃይል ለአራቱም ጎማ የምታደርስ ቅንጡ ኤስዩቪ ናት። ቸርኬዋ 21 ኢንች ነው፤ የኋላ ጎማዎቿ ከፊቶቹ ይሰፋሉ። ስለዚህ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት እያዛወሩ አበላሉን ማካፈል አይቻልም። አንዱ ጎማ አንዴ በተሳሳተ መንገድ መበላት ከጀመረ ማዳኛ የለውም። እኔ ደግሞ በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። ውሎዬ ከዲግሪና ከደቂቃ ጋር ነው፤ በማዕዘን ጉዳይ «በግምት» ሲባል መስማት አልችልም።

ችግሩ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ነበር። ቆሞ ላያቸው ሰው ደህና ናቸው። የጥርሱ ጥልቀት ሲለካ ግን የግራው ጎማ በውጭው ጠርዝ 5.5፣ መሃሉ ላይ 5፣ በውስጠኛው ጠርዝ 1.5 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። በበርካታ አገሮች ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ 1.6 ሚሊሜትር ነው። ያም ማለት ከውጭ ሲታይ ገና ብዙ የሚሄድ የሚመስለው ጎማ በውስጥ በኩል ከሕግ በታች ወርዷል። ዝናብ ባለበት መንገድ ውኃውን የሚያስወጣው ቦይ በዚያ በኩል የለም ማለት ይቻላል። ሰፊ ጎማ ያለው ከባድ መኪና የምትነዱ ሁሉ ውስጠኛውን ጠርዝ ወይ ጎንበስ ብላችሁ በመብራት እዩት፣ ወይ መኪናው ሊፍት ላይ በወጣ ቁጥር አስለኩት። ሰው በዚህ ይሞታልና አጥብቄ እናገራለሁ።

ከዚህ ጋራዥ በፊት ሌላ ቦታ አላይመንት ተሠርቶላት ነበር። የተስተካከለው የፊቱ ብቻ ነው፤ ወረቀቱም የፊቱ ቁጥር ሁሉ አረንጓዴ (በልኩ) እንደሆነ ያሳያል። መሪው ግን በቀጥታ መንገድ ላይ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር፤ ጎማውም መበላቱን አላቆመም።

አሁን የማመሰግነው ጋራዥ ሥራውን የጀመረው ከመሣሪያው ርቆ ነው። ዋና መካኒኩ አብረውኝ መንገድ ወጡ፤ በዝግታም በፍጥነትም አስነዱኝ፣ ቀጥሎም ራሳቸው ነዱ። ስንመለስ ጎማዎቹ እስኪቀዘቅዙ ጠብቀው ነፋሳቸውን ለኩ። ከዚያ የእያንዳንዱን ጎማ ጥርስ በሦስት ሦስት ቦታ ለክተው ጻፉ። አበላሉን በእጃቸው እየዳበሱ ሲያነቡ መስማት ትልቅ ትምህርት ነበር። ሁለቱ ጠርዞች ብቻ ከተበሉ ነፋሱ አንሷል፤ መሃሉ ከተበላ በዝቷል። ጎማው ዙሪያውን ቦታ ቦታ እየጎደጎደ ከተበላ አሞርዛተሩ (የእግሩን ንዝረት የሚያበርደው) ደክሟል ወይም ባላንሱ ተዛብቷል። እጅን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያንሸራትቱት ለስልሶ፣ ወደ ሌላው ሲመልሱት እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ የጎማዎቹ አፍ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዞሯል፤ ቶ የሚባለው ማለት ነው። የእኔ የፊት ጎማዎች እንደዚህ ነበሩ። የኋላዎቹ ግን ውስጣቸው ብቻ የተበላ በመሆኑ ካምበሩ (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) እና ቶው ተባብረው የሠሩት እንደሆነ ነገሩኝ።

ቀጥሎ ያደረጉት ለእኔ የሥራው ልብ ነው። መኪናዋ በተለመደው ከፍታዋ ላይ እያለች ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው መዘገቡ። የአየር ሞላ ባለው መኪና ላይ ከፍታው ጥቂት ሚሊሜትር ሲለወጥ ካምበሩም ቶውም አብረው ይለወጣሉ። ከፍታው ካልታወቀ የማዕዘኑ ቁጥር ከምን አንጻር እንደተለካ አይታወቅም። እኛ ቀያሾች መነሻ ነጥቡ ሳይጸና መሣሪያ አንተክልም፤ ይህን ሳይ ልቤ አረፈ። በሳሙና ውኃ የአየር ሞላዎቹንና ቱቦዎቹን ፈትሸው ፍንጣቂ እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ወደ ሊፍቱ ወሰዷት።

ከሥር ሆነው በብረት ፈለቀቅ እያደረጉ አሳዩኝ። የፊት ታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) የኋለኛው ቦኮላ (በመጋጠሚያው ላይ የሚገባው የላስቲክ ቀለበት) ተቀድዶ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ወጥቷል። በኋላ በኩል የሁለቱም ታችኛ ብራቾዎች ቦኮላ ተሰነጣጥቋል። አንዱ የቶ ማስተካከያ ብሎን ደግሞ ከቦኮላው ብረት ጋር በዝገት ተጣብቆ አይዞርም። ያም የቀድሞው ቦታ ስለምን የኋላውን ሳይነካ እንደተወው ሳያስረዳ አይቀርም።

«እህቴ፣ አሁን አላይመንት ብሠራልሽ ገንዘብሽን በከንቱ መቀበል ነው» አሉኝ። «ቆማ የምትለካውና ፍሬን ስትይዢ የምትሆነው ሁለት የተለያዩ መኪናዎች ናቸው።»

ነገሩ ይህ ነው። መለኪያው ማዕዘኑን የሚያነበው መኪናዋ ቆማ ነው። ቦኮላው ጤነኛ ከሆነ በጉዞም ላይ ማዕዘኑ ብዙም አይርቅም። ከላላ ግን ነዳጅ ሲረገጥ ወደ አንድ ወገን፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ሌላው ይሸሻል። በማያ ገጹ ላይ የታየው አረንጓዴ ቁጥር ከሊፍቱ እንደወረደች ያበቃለታል።

ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ እኔው አስልቼዋለሁ። ከሥራው በፊት የግራው የኋላ ጎማ 20 ደቂቃ፣ የቀኙ 4 ደቂቃ ወደ ውጭ ዞረው ነበር። አንድ ደቂቃ የዲግሪ ስድሳኛ ክፍል ናት። ድምሩ 24 ደቂቃ ነው። መኪናዋ የምትሄደው በሁለቱ ጎማዎች አማካይ አቅጣጫ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ጎማ 12 ደቂቃ ይደርሰዋል። 12 ደቂቃ በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ 3.5 ሜትር ያህል የጎን ፈቀቅታ ነው። ጎማው 10,000 ኪሎ ሜትር ሲንከባለል 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋተጋል ማለት ነው፤ ያውም ካምበሩ ክብደቱን ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ጭኖበት። ዓይን የማታየው ማዕዘን ጎማን እንዲህ ትጨርሳለች። የመሪው ማዘንበልም ከዚያው የመጣ ነው። የሁለቱ ጎማዎች አማካይ አቅጣጫ 8 ደቂቃ ወደ ግራ ስለሆነ፣ ቀጥ ብሎ ለመሄድ የፊት ጎማዎችም ያን ያህል ወደ ግራ መዞር ነበረባቸው።

የጥገናው ጥራት ከፍተኛ ነው። ብራቾዎቹ በግራና በቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀየሩ። የተጣበቀው ብሎን ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ገባ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታሰሩት ብሎኖችና ዳዶዎችም ተመልሰው አልታሰሩም። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የመጨረሻው አጠባበቅ ነው። የላስቲክ ቦኮላ በውስጥም በውጭም ከብረት ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ብራቾው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ላስቲኩ ይጠመዘዛል። እግሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ ላስቲኩ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፤ አዲሱም ቦኮላ ሳይቆይ ይቀደዳል። እነዚህ ሰዎች በክሪክ እግሩን ከሥር ደግፈው፣ መጀመሪያ በመዘገቡት ከፍታ ላይ አድርሰው፣ በሜትር ደግመው ለክተው ነው ብሎኑን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ ያጠበቁት። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

አላይመንቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከኋላ ጀምረው ወደ ፊት መጡ፤ መሪው ቀጥ ብሎ ታስሮ ነበር። የኋላው ካምበር ከ2 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ወደ 1 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ወረደ፤ ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ለዚህች መኪና የአምራቹ ፍላጎት ስለሆነ ዜሮ አይደረግም። ቶው በሁለቱም ጎን እኩል 8 ደቂቃ ወደ ውስጥ ሆነ። የመሪውን ማዕዘን የሚያነበውን ሴንሰርም በኮምፒውተር ዜሮ አደረጉት።

ስለ ጎማ የሰጡኝ ምክር ሐቀኛ ነበር። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መቀየር ነበረባቸው። አዲሶቹ 8 ሚሊሜትር፣ የፊቶቹ 5 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆኑ፣ ኃይል ለአራቱም ጎማ በሚያከፋፍል መኪና ላይ የዙሪያቸው ልዩነት አምራቹ ከፈቀደው እንዳያልፍ ከመኪናዋ መመሪያ ጋር አመሳክረው ነው የሸጡልኝ። ከመግጠማቸው በፊት በጎማው ጎን የታተሙትን አራት አኃዞች አሳዩኝ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። የፊት ጎማዎቹ ጩኸትም ወዲያው እንደማይጠፋ አስቀድመው ነገሩኝ። አንዴ እንደ መጋዝ የተበላ ጥርስ ማዕዘኑ ስለተስተካከለ አይመለስም። እውነትም ድምፁ አሁንም አለ፤ እየቀነሰ ግን ነው።

ቅሬታዬን አልደብቅም። መኪናዋ ከፊት መስታወቱ ላይ መስመር የሚጠብቅ ካሜራ አላት። የኋላው አቅጣጫ ወይም ከፍታው ሲለወጥ በርካታ አምራቾች ካሜራው እንደገና እንዲስተካከል ይጠይቃሉ። ጋራዡ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ የለውም፤ ይህን የነገሩኝ ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ሒሳብ ስከፍል ነው። ይህ በመጀመሪያው ቀን መነገር ነበረበት። ለዚያ ሥራ ሌላ ቦታ ሄጄ ሌላ ቀን አጥፍቻለሁ። ሌላው ቅሬታዬ ወረቀቱ ነው። በልማድ የሚሰጡት «ከሥራ በኋላ» ያለውን ብቻ ነው፤ «ከሥራ በፊት» ያለውን ያገኘሁት ጠይቄ ነው። ያ ወረቀት ባይኖረኝ ከላይ ያለውን ስሌት ልሠራ አልችልም ነበር፤ ለማንኛውም ደንበኛ ሳይጠየቅ መሰጠት አለበት። መቀበያው ላይ የተቀመጡትም ሠራተኞች መለዋወጫው መቼ እንደሚመጣ ሲጠየቁ መልሳቸው የተድበሰበሰ ነው። መካኒኩን ራሳቸውን ስጠይቅ ብቻ ነው ቁርጡን የሰማሁት።

ሒሳቡ ቀላል አይደለም፤ ግን እቃውና የእጅ ዋጋው ተለይቶ የተጻፈ ነው፣ የወጡት አሮጌ እቃዎችም በካርቶን ሆነው ተሰጥተውኛል። ከዚያ ወዲህ ረጅም መንገድ ሄጄባታለሁ። መሪዋ ቀጥ ብላለች፤ ፍሬን ሲያዝ የነበረው ወደ ጎን መሸሽ ጠፍቷል። የአዲሶቹን የኋላ ጎማዎች ጥርስ በሦስቱም ቦታ ስለካ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው።

ለእግር ሥራና ለአላይመንት ያለ ማመንታት እመክራቸዋለሁ። መኪናችሁ መስመር የሚጠብቅ ካሜራ ወይም ከፊት ራዳር ካላት ግን ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት የካሜራውን ማስተካከል ማን እንደሚሠራላችሁ ጠይቁ፤ ስትደውሉም ከመቀበያው ይልቅ ዋና መካኒኩን እንዲያገናኟችሁ አድርጉ።