ስድስት ወር ከግንፍሌ ዳር፦ ፌሎውሺፑ እንዴት ነበር?

ለአየር ንብረት ፌሎውሺፕ፣ ማለትም ለስድስት ወር የሥልጠናና የሰፈር ሥራ ፕሮግራም፣ ሳመለክት ችግኝ የምንተክል ነበር የመሰለኝ። ከ2011 ክረምት ወዲህ አረንጓዴ ዐሻራ ሲባል ችግኝ ያልያዘ ሰው የለማ! እኔን የመደቡኝ ግን የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ነው።

መጀመሪያ የከፋኝን ላውራ። ሁለት ሳምንት አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና። ስላይድ፣ ሻይ፣ ደግሞ ስላይድ። ስለ በረዶ ግግር መቅለጥ ሰማን፤ ስለ ግንፍሌ ወንዝ ትንፍሽ ያለ የለም። የኪስ ገንዘቡም ሦስተኛው ወር ላይ ሃያ ቀን ዘገየ። እኔ ከእናቴ ጋር ስለምኖር ቻልኩት። ቤት የተከራየ ምን ይሁን?

ከአዳራሹ ከወጣን በኋላ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ፣ አሥራ አንድ አባወራ ያለበት የቀበሌ ግቢ ደረሰኝ። ሥራው የወጥ ቤት ጥራጊ ለይቶ ኮምፖስት፣ የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ማድረግ ነው። አየር አጥቶ የሚበሰብስ ምግብ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ሚቴን ደግሞ ሙቀት በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ሳብራራ አንዲት እናት አቋረጡኝና፣ «ልጄ፣ እሱስ ይሁን፣ ይሸታል ወይ?» አሉኝ። ሚቴኑን ትቼ ስለ ቆሼ አወራሁ። መጋቢት 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ሁሉም ዝም አለ። በማግስቱ መለየት ተጀመረ።

ሸተተ ደግሞ! ዐቢይ ጾም ነው፤ ጎመኑ፣ የድንቹ ልጣጭ፣ ውሃ ያዘለው ሁሉ በርሜል ገባ። ደረቅ ነገር አልጨመርንበትም። ዝንብ ወረረን። መላውን ያመጡት እኚያው እናት ናቸው፤ ከአናጺ ቤት ሰጋቱራ በጆንያ አስመጥተው ነሰነሱበት፣ በየሁለት ቀኑ አስገላበጡን። ሽታው በሳምንት ጠፋ። በሁለት ሳምንት ሥልጠና ሰጋቱራ የሚል ቃል አልሰማሁም።

አስተባባሪያችንን ግን አመሰግናለሁ። ሐሙስ ሐሙስ በእግሯ መጥታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እጇን በርሜሉ ውስጥ ከትታ ታያለች። ሰኔ ላይ ጥቁር አፈር አወጣን። በተቆረጠ ጀሪካን ቆስጣ ዘራንበት።

ከአሥር ሰባት እሰጠዋለሁ። ለሰርተፍኬት ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ። ለሰፈራችሁ ብላችሁ ከሆነና ገንዘቡ ቢዘገይ የማትቸገሩ ከሆነ አመልክቱ።

ነሐሴ ላይ ሰርተፍኬታችንን ሰጥተው አሰናበቱን። በርሜሉን ማን እንደሚከታተል ያለ የለም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እላለሁ። ባለፈው ስሄድ እማማ ገና ከበሩ ባዶ ጆንያ አስያዙኝ፤ ሰጋቱራው አልቋል።