እንጨት አበስባሽ እንጉዳይን ለመለየት፦ ማይክሮስኮፕ ወይስ ዲኤንኤ?

በወፍ ዋሻ ደን በወደቀ ጥድ ወይም ኮሶ ላይ የበቀለን እንጉዳይ ሲያገኙ፣ ከመቁረጥዎ በፊት የዛፉን ስምና ብስባሹ ነጭ ይሁን ቡናማ ይመዝግቡ። ይህ ካልተጻፈ የትኛውም መንገድ ይጎድላል።

ማይክሮስኮፕ፦ ወጪው ትንሽ ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ትኩሱን እንጉዳይ ቀዳዳማ ገጹን ወደ ታች አድርገው፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ያሳድሩት፤ ነጭ ስፖር (የእንጉዳይ መራቢያ ብናኝ) በነጭ ወረቀት ላይ አይታይም። ቀጭን ቁራጭ በ5 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አርሰው በ1000 እጥፍ ይመልከቱ። ያረጀ እንጉዳይ ስፖር ላይጥል ይችላል።

ዲኤንኤ፦ ውድ ነው፣ ላቦራቶሪ ይሻል፤ በአግባቡ ለደረቀ ናሙናም ይሠራል። ናሙናው ከውስጠኛው ሥጋ ይቆረጥ፤ ከላይኛው ገጽ ከተወሰደ የሻጋታ ዲኤንኤ ሊወጣ ይችላል።

ጂነሱን (ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበትን ወገን) ለማወቅ ብዙ ጊዜ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። መንታ የሚመስሉ ዝርያዎችን ለመለየት ዲኤንኤ ይሻላል፤ አዲስ ዝርያ ለመግለጽ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።