አባዬን ጣቱን እንዲያጥፍ የጠየቀችው ሲስተር

ባለፈው ሳምንት አባዬ ከሸማ ጉድጓዱ ገብቶ መወርወሪያውን በቀኝ ወርውሮ በግራው ሲቀበል አየሁት። ከአራት ወር በላይ ዝም ብሎ የከረመ ጉድጓድ ነው። እማዬ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ ወጣችና በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ለዚህ ያበቁንን ሁለት ሰዎች በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት አልፈልግም።

ነገሩ የሆነው በሰኔ መጀመሪያ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን ላጥብቅ ብሎ ወጣ፣ የቆርቆሮ ጠርዝ የግራ መዳፉን ከማርያም ጣት ሥር ሸረከተው። ደሙ አልቆም ሲል ጎረቤታችን ሮጣ የተፈጨ ቡና ደፈደፈችበት። ከልቧ ነው ያደረገችው፣ ሁላችንም ያደግንበት ነው። በኋላ ግን ሲስተር እንደነገረችን ያ ቡና ከቁስሉ ውስጥ ታጥቦ እስኪወጣ ብዙ ያሠቃያል። ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ ጠበቅ አድርጎ መያዝና እጁን ከፍ ማድረግ ይበቃል።

መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ ሰፉለት፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወጉት፣ በ10 ቀን ስፌቱን ታስወጣላችሁ ብለው ሸኙን። ጣትህን አንቀሳቅስ ያለው ሰው ግን አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም።

በ3ኛው ቀን ለፋሻ ቅያሪ ሽሮ ሜዳ፣ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተርን ያገኘኋት እዚያ ነው። ፋሻው ከቁስሉ ተጣብቆ ነበር። ሳትጎትት በጨው ውኃ እያራሰች፣ እያወራችው፣ ቀስ ብላ አላቀቀችው። ካጠበችው በኋላ ሌሎቹን ጣቶች በእጇ ይዛ፣ «አባቴ፣ እስቲ ይቺን ጣት ብቻዋን ይጠፉልኝ» አለችው። ትንሿ ጣት እንደ እንጨት ቀጥ ብላ ቀረች። አባዬ «አብጣ ነው» አለ። ሲስተር ግን ዓይኑን አስጨፍና ጥጥ በጣቱ ግራና ቀኝ እያስነካች ይሰማው እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጅማቱ የተቆረጠ ይመስለኛል፣ ዛሬውኑ ሪፈር ልጻፍላችሁ» አለችኝ። የተቆረጠ ጅማት ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ቀን በጨመረ ቁጥር ጫፍ ለጫፍ ማገናኘቱ እየከበደ ይሄዳል ብላ አስረዳችኝ። የጤና መድህን ካርዳችንን አይታ ወረቀቱን አሟልታ ጻፈች፣ የት ክፍል እንደምንሄድ ነገረችን። በሳምንቱ ውስጥ ሆስፒታል ተሰፋለት።

ሁለተኛው ባለውለታችን የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ነው። እጁ ከጀርባው በኩል በጀሶ ተደግፎ፣ አንጓውም ጣቶቹም ጎንበስ ብለው 6 ሳምንት ከረመ። ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ በቀኝ እጁ የግራውን ጣቶች ቀስ ብሎ ያጥፋል፣ ከዚያ ጀሶው እስከሚፈቅድለት ድረስ ይዘረጋል። በ4ኛው ሳምንት ሕመሙ ሲጠፋ አባዬ ድኛለሁ ብሎ ጄሪካን ሊያነሳ ደረስኩበት። በቀጠሮው ቀን ተናገርኩበት። ፊዚዮቴራፒስቱ አልተቆጣም። «አባቴ፣ ድር ሲበጠስብዎ ቀጥለውት፣ ቋጠሮው ሳይጠብቅ ቢስቡትስ?» አለው። አባዬ እጁን አየት አደረገና «ይፈታል» አለ። ከዚያ ቀን ወዲያ እኔ ማስታወስ አላስፈለገኝም። ከባድ ነገር ሳያነሳ 3 ወር ሞላው። ቁስሉ ከገጠመ በኋላም ጠባሳው እንዳይደርቅና ቆዳው ከሥሩ እንዳይጣበቅ ቫዝሊን ቀብቶ በአውራ ጣቱ ማሸትን አሳየው፣ እስካሁንም ማታ ማታ ያሸዋል።

እውነቱን ለመናገር ጣቱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሲያጥፋት መዳፉን ለመንካት ትንሽ ይቀራታል፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ ሲሆን ትገትራለች። መወርወሪያ ግን ትይዛለች።

እጁ የተሰፋ ሰው ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ጣቶቹን አንድ በአንድ እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ጠይቁት። አንዷ እምቢ ካለች ወይም ከደነዘዘች ስፌት የሚወጣበትን ቀን አትጠብቁ። መቅላቱ ወደ ክንድ ከወጣ፣ መግል ከያዘ፣ እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ከነሳ ወይም ትኩሳት ከመጣም እንደዚያው። ሲስተር ለአባዬ የነገረችው ይህንኑ ነው፣ እኔ ቃሏን ነው የማደርሰው።

ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጻፍኩም። ሥራዬ ነው ትላለች። አባዬ የመጀመሪያዋን ነጠላ ሠርቶ ሲወስድላት እንኳ አልቀበልም ብላ ብዙ አስቸገረችን። ቁስል የሚታጠብለት ሰው ያላችሁ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ የትኛው ክፍል እንደሆነችና በየትኞቹ ቀናት እንደምትገባ እነግራችኋለሁ። ጠዋት ሰልፉ ይረዝማል፣ ከሰዓት ብትሄዱ ይሻላል።