ለአንድ የናስ ሞዴል ባቡር ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ከናስ የተሠሩ ሞዴል ፉርጎዎችን የሚሰበስብ ሰው ዕቃው ሲጎዳበት በእርግጠኝነት የሚያምነው እጅ ማግኘት ይቸግረዋል። እኔ ግን ፉርጎዎቼን የሚጠግኑልኝን፣ አንዳንዶቹንም የሸጡልኝን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን በቅቻለሁ። ስማቸው እንዲወጣ ባይፈልጉም፣ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ አድራሻቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

ከሁሉ በላይ የማደንቅላቸው የማይገባውን ሥራ አልሠራም ማለታቸውን ነው። በ1፡87 መጠን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ) በጃፓን የተሠራ አንድ የመንገደኞች ፉርጎዬ እዚህም እዚያም ጠቁሮ ስለነበር እንዲወለውሉልኝ ስጠይቃቸው፣ አምራቹ የቀባው ቫርኒሽ አንዴ ከተፋቀ ናሱ ለአየርና ለጣት ላብ ተጋልጦ እንደገና እንደሚጠቁር፣ በጎኑ ላይ የተቀረጹት ጥቃቅን የብሎን ራሶችም እንደሚሟሽሹ አስረድተው ፉርጎውን በአቧራ ብሩሽ ብቻ አጽድተው መለሱልኝ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ በመሆኑ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ የታጠፈውን ቆርቆሮ ሊሰነጥቀው እንደሚችልም የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ላልሠሩት ሥራ ደግሞ አላስከፈሉኝም።

ሲሸጡም ያው ናቸው። እነዚህ ሞዴሎች ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጃፓን፣ ኋላም በደቡብ ኮሪያ በአነስተኛ ብዛት በእጅ እየተገጣጠሙ የተሠሩ በመሆናቸው ዋጋቸውን የሚወስነው ዝርዝሩ ነው። እሳቸውም ከወለሉ በታች ያለው የፍሬን ቧንቧ ዳግመኛ የተበየደ ከሆነ፣ መወጣጫው ከወለቀ፣ ቀለሙ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተቀባ ከሆነ፣ ካርቶኑም የራሱ ካልሆነ ገና ዋጋ ሳይነገር ይናገራሉ፤ ከታች ያነሱትንም ፎቶ ሳይጠየቁ ይልካሉ። ጎኑን ብቻ አሳይቶ የሚሸጥ ሻጭ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አስተሻሸጋቸውም ለብቻው ሊመሰገን ይገባል። በድሮ ካርቶኖች ውስጥ ያለው ስፖንጅ ሲያረጅ ይሟሟና እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቫርኒሹን ያበላሻል፤ ስለዚህ አሮጌውን አውጥተው ይጥሉና ፉርጎውን ከአሲድ ነጻ በሆነ ስስ ወረቀት ጠቅልለው በአዲስ ስፖንጅ ያስቀምጡታል፣ መለያ ጽሑፍ ያለበትን ካርቶን ግን እንዳለ ይጠብቁታል።

በጥገናው በኩል፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የሞዴሉ ሐዲድ ላይ በወጣ ቁጥር ሾርት የሚያደርግ አንድ ፉርጎ ሰጥቻቸው ነበር። የናስ ፉርጎ አካሉ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የየአክስሉ (ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ) አንደኛው ጎማ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ተነጥሎ የተነጠሉት ሁሉ በአንድ ወገን መሰለፍ አለባቸው። እሳቸው በመለኪያ ፈትሸው ተገልብጦ የገባውን አክስል አገኙና ወዲያው አስተካከሉት። የወለቀ መሰላል ሲበይዱ ደግሞ ሙቀቱ ጎረቤት ብየዳዎችን እንዳያላቅቅ በእርጥብ ወረቀት ይሸፍኗቸዋል፤ ከሥራው በኋላ የተበየደበትን ቦታ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም።

ስልክ ለማንሳት ይዘገያሉ፤ ወረፋቸውም ረጅም ስለሆነ ለቸኮለ ሰው አይሆኑም። ጥገና የሚፈልግ የፉርጎውን የታች ክፍልና የካርቶኑን መለያ ፎቶ አንስቶ አስቀድሞ ቢልክላቸው፣ ሊጠገን የሚችል መሆን አለመሆኑንና ግምታዊ ዋጋውን ዕቃው ሳይላክ ያሳውቁታል።