ፎር ዊል አልገባ ሲል፦ ባለዱላው ይሻላል ባለስዊቹ?

ድሬ ላይ ያገለገለ ፒክአፕ የሚፈልግ ሰው ይቺን ጥያቄ አያመልጣትም።

ባለዱላው፦ ፎር ዊሉ (አራቱም ጎማ እንዲጎትት የሚያደርገው) በእጅ በሚገፋ ዱላ የሚገባው፣ እንደ ላንድክሩዘር 70 ያለው። ብልሽቱ በዓይን ይታያል። ዱላው ገብቶ የፊት ጎማ ካልጎተተ መጀመሪያ ሃቡን (የፊት ጎማው መሐል ላይ በእጅ የሚዞረውን መቆለፊያ) እዩ፤ ሁለቱም ጎማ ላይ «ሎክ» ላይ መሆን አለበት፣ ውስጡን አሸዋና የደረቀ ግሪስ ከያዘው ግን ቢዞርም አይነክስም። ፈትቶ፣ አጥቦ፣ አዲስ ግሪስ ቀብቶ መግጠም ነው። ሃቡን ለማዞር ከመኪና መውረዱ ግን ያሰለቻል፣ በተለይ በድሬ ፀሐይ።

ባለስዊቹ፦ ፎር ዊሉ በስዊች የሚገባው፤ ምቾቱ ሌላ ነው። ሲበላሽ የፎር ዊሉ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል፣ እናንተም ግምት ውስጥ ትገባላችሁ። ከፊውዝ ጀምሩ፣ ከዚያ የሽቦው ሶኬት (ጎርፍ የተሻገረ መኪና ከሆነ አረንጓዴ ዝገት አይጠፋውም)፣ በመጨረሻ ፎር ዊሉን የምታስገባው ትንሿ ሞተር። እሷ ከሞተች ኪስ ትጎዳለች።

በሁለቱም፦ ደንገጎን (የድሬ ሐረር መንገድ ዳገት) በደረቅ አስፋልት ፎር ዊል አስገብታችሁ ከነዳችሁ አልለቅም ሊል ይችላል። ጥቂት ሜትር ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል።

ሥራችሁ ገጠር ከሆነና ጋራዥ ከራቃችሁ፣ ዱላ። ድሬ ሐረር እየተመላለሳችሁ አሸዋ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገጥማችሁ ከሆነ ስዊቹ ይበቃል፤ በወር አንዴ ግን ኮረኮንች ላይ ፎር ዊሉን አስገብታችሁ አስወጡት፣ ያለ ሥራ ከቆመች ሞተሯ ትይዛለች።